ወፍጮው አብሮ ስለተሠራለት የቤት ኤስፕሬሶ መኪና

ወፍጮውና ማፍያው በአንድ አካል የተሠራው የቤት ኤስፕሬሶ መኪና በአዲስ አበባ መደብሮች የሚሸጥ፣ ከባሕር ማዶ የሚመለሱ ዘመዶችም በስጦታ የሚያመጡት ዕቃ ሆኗል። ይህንኑ መኪና ወደ መካነ ሰላምና ወደ አካባቢው የቦረናና የአማራ ሳይንት ደጋ ለማድረስ የሚያስብ ነጋዴ ግን ከዋጋው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የአገሩ ቡና ለመኪናው፣ መኪናውም ለአገሩ ቡና ይስማሙ እንደ ሆነ ነው።

ኤስፕሬሶ ራሱ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሉዊጂ ቤዜራ የተባለው የሚላኖ ሰው ለእንዲህ ያለው መኪና የፈጠራ መብት የጠየቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ቶሞካ በዚያው አቆጣጠር በ1953 ተቋቁሟል። አዲስ ነገር ቢኖር የቡና ቤቱ ወፍጮ ወደ ጓዳ መግባቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 18 ግራም ያህል ቡና ተፈጭቶ ባለ እጀታው ማጥለያ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በ9 ባር ግፊት ያልፍበታል፤ በ25 ወይም በ30 ሴኮንድ ውስጥም 36 ግራም ያህል ቡና ይወርዳል። (በካርቶኑ ላይ 15 ባር ተብሎ የሚጻፈው የፓምፑ ከፍተኛ አቅም እንጂ ቡናው የሚወጣበት ግፊት ስላልሆነ ለሽያጭ ክርክር አይበቃም።) ዱቄቱ ቢሻክር ውሃው ሮጦ ያልፍና ቡናው ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል፤ ከልክ በላይ ቢልም ውሃው ታንቆ ቡናው ይመርራል። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ሻካራውና የላመው የተደባለቀ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ጀበና አተላውን አስረግቶ ሁሉን ይችላል፤ በግፊት የሚመጣ ውሃ ግን የላላውን መንገድ ፈልጎ ያመልጣል። ስለዚህ የመኪናው ዋና አካል ወፍጮው ነው።

ኪሳራውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ደጋው ቡና አብቃይ ስላልሆነ ቡናው በንግድ መጥቶ በየቤቱ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል። ከለቃሚዋ እጅ ያመለጠች አንዲት ጠጠር በሙቀጫ ውስጥ ብትገኝ ተለቅማ ትጣላለች፤ በወፍጮው የብረት ጥርሶች መካከል ብትገባ ግን ጥርሱን ትሸርፋለች ወይም ሞተሩን ታቆማለች። ወፍጮው ለብቻው የተሠራ ቢሆን ወደ ጠጋኝ የሚሄደው ወፍጮው ብቻ በሆነ ነበር፤ በአንድ አካል የተሠራው ግን ማፍያው ደኅና ሳለ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ መለዋወጫው እስኪመጣም ድረስ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ይከርማል። እንግዲህ ቡናው ከመቆላቱ በፊትም ከተቆላ በኋላም በሰፌድ ላይ መለቀም አለበት። ጥሬ ቡና፣ ቅርንፉድና ኮረሪማም ወደዚህ ወፍጮ ፈጽሞ አይገቡም።

ሁለተኛው ነገር አቆላሉ ነው። የወሎ ሥርዓት ቡናውን እንግዳ ፊት ቆልቶ፣ ጢሱን አሽትቶ ወዲያው ማፍላት ነው፤ ለጀበናውም መልካምነቱ በዚህ ነው። በዚያው ሰዓት የተቆላ ቡና ግን ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ በመኪናው ላይ አረፋው ይበዛል፣ አወራረዱም ይዛባል፤ በተከደነ ዕቃ ሳምንት ያህል ቢያርፍ ይሻላል። እስኪጠቁርና ወዙ በፍሬው ላይ እስኪያብረቀርቅ የተቆላው ደግሞ በወፍጮው ውስጥ እየተለጠፈ መተላለፊያውን ይደፍነዋል። ስለዚህ መኪናው አቦል፣ ቶናና በረካ የሚቀርቡበትን ሥርዓት ይተካል ብሎ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው። የሚጠቅመው ማለዳ አንድ ስኒ ጠጥቶ ወደ ሥራው ለሚቸኩል ሰው ነው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣው መኪና ግን የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። የአውስትራሊያው ብሬቪል በአሜሪካ በራሱ ስም፣ በአውሮፓ ደግሞ ሴጅ በሚል ስም ስለሚሸጥ መልኩ አንድ ሆኖ ቮልቱ የሚለያይ ዕቃ ያጋጥማል፤ አስመጪው ከካርቶኑ ይልቅ በመኪናው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብብ። 1600 ዋት ለሚስብ መኪና ከ2000 ዋት ያላነሰ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እርሱም ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆንዋ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። በመኪናው ውስጥ ውሃው በግፊት ስለሚያልፍ ቡናው በዚህ ብዙ አይጎዳም፤ ነገር ግን ውሃው ያለ ቡና ሲለቀቅ ቢንጫጫና እንፋሎቱ ቢበዛ ብልሽት አይደለም። ባለሱቁ ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ ገዢው በማግሥቱ ዕቃውን ተሸክሞ ይመጣበታል።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ መለዋወጫውን ኋላ ለብቻው ማስመጣት ዋጋው ስንት እንደሚሆን አይታወቅም። አስመጪው የወፍጮ ጥርስና ጓርኒሲዮን ከመኪናዎቹ ጋር በአንድ ጭነት ቢያስመጣ ይሻለዋል። ባለሱቁም አንዱን መኪና ለመፈተኛ ከፍቶ፣ ገዢው ከቤቱ ያመጣውን ቡና በፊቱ ለቅሞና ፈጭቶ አንድ ስኒ ቢያቀምሰው፣ ገዢው ስለ ጠጠሩም ስለ አቆላሉም ሂሳብ ከመክፈሉ በፊት ያውቃል።