ማይክሮፎን የሚሸከም ክንድ፡- የማይወድቅ ስታንድ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይተከላል?

የድምፅ መሣሪያ ለመግዛት ሲታሰብ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማይክሮፎኑ፣ ለሚክሰሩና ለስፒከሩ ነው፡፡ ማይክሮፎኑን የሚሸከመው ስታንድ አብዛኛውን ጊዜ በተረፈው ብር የሚገዛ ዕቃ ነው፡፡ በውድ ዋጋ የተገዛ ማይክሮፎን በዝግጅት መሀል ቀስ እያለ አንገቱን ሲደፋ ወይም ጭራሽ ሲወድቅ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ከሥሩ ሕፃን ወይም ተጫዋች ካለ ደግሞ ጉዳቱ ከዕቃ ያልፋል፡፡

ቆሞ ለሚዘፍን ሰው ቀጥ ያለው ስታንድ ይበቃዋል፡፡ በተለምዶ «ቡም» የሚባለው ስታንድ ግን ከቋሚው ቱቦ ወደ ጎን የሚዘረጋ ክንድ አለው፡፡ ተቀምጦ ክራር የሚደረድር፣ ማሲንቆ እየመታ የሚያዜም ወይም ድራም የሚጫወት ሰው ቋሚው ቱቦ ከፊቱ ከተተከለ እጁን ያግደዋል፡፡ ቡም ስታንዱ ከጎን ቆሞ ማይክሮፎኑን ከሚፈለገው ቦታ ያደርሰዋል፡፡

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ክንድ ነው፡፡ ክብደት ከመሀል በራቀ ቁጥር የመጣል ጉልበቱ ይጨምራል፡፡ ለምሳሌ በስቱዲዮዎች የታወቀው ኖይማን ዩ 87 ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፡፡ ይህ ማይክሮፎን ከመገጣጠሚያው 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢሰቀል፣ በሌላው ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ሚዛኑን ለመጠበቅ 2 ኪሎ ያስፈልጋል፡፡ በመድረክ ላይ የተለመደው ሹር ኤስኤም 58 ወደ 300 ግራም ስለሚመዝን ቀለል ያለ ስታንድም ይችለዋል፡፡

ሲገዙ ምን ይታያል?

ከሁሉ በፊት ክንዱና ቱቦው የሚገናኙበትን መቆለፊያ ይመልከቱ፡፡ ብሎኑ የሚገባበት ጥርስ ፕላስቲክ ከሆነ ቶሎ ይበላል፤ ብረት ይሻላል፡፡ እዚያው ሱቅ ውስጥ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው የማይክሮፎንዎን ያህል ክብደት ይስቀሉበትና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፡፡ ክንዱ ዝቅ ካለ ይተውት፡፡

ሦስት እግር ያለው ስታንድ እግሮቹ ሰፋ ብለው የሚከፈቱ፣ ጫፋቸውም ጎማ ያለው ይሁን፡፡ ጎማው ከመንሸራተት ያድናል፣ የወለሉንም ንዝረት ይቀንሳል፡፡ ክብ የብረት መቀመጫ ያለው ስታንድ ለጠባብ መድረክ ይመቻል፤ ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ ግን ይወዛወዛል፡፡ ማይክሮፎኑ የሚታሰርበት ብሎንም በልክ ይለያያል፡፡ በአውሮፓ ስታንዶች 3/8 ኢንች፣ በአሜሪካ 5/8 ኢንች የተለመደ በመሆኑ ማገናኛውን አብረው ይግዙ፡፡

ሲተከልስ?

እግሮቹ በደንብ ይከፈቱ፡፡ ቋሚው ቱቦ መሬት ነክቶ እግሮቹን እንዳያነሳቸው ማየት ያሻል፡፡ ቀጥሎ ክንዱን ከሦስቱ እግሮች በአንዱ አቅጣጫ ልክ ያድርጉት፡፡ ክንዱ በሁለት እግሮች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ከተዘረጋ ስታንዱ በቀላሉ ይገለበጣል፡፡ ከባድ ማይክሮፎን ካለ በኋላ በቀሩት ሁለት እግሮች ላይ የአሸዋ ከረጢት ይጫን፡፡ ክንዱን ብዙ ከመዘርጋት ስታንዱን ማቅረብ ይመረጣል፡፡

ክንዱን ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ሲፈልጉ አስቀድመው ብሎኑን ያላሉ፤ እንደጠበቀ በጉልበት ማዞር መቆለፊያውን ይጨርሰዋል፡፡ በብዙ ስታንዶች ደግሞ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፡፡ የብሎኑን እጀታ ፊት ለፊት ሲያዩት ማይክሮፎኑ በቀኝዎ በኩል ከሆነ፣ ክብደቱ ወደ ታች ሲጎትት ብሎኑን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም፡፡

በመጨረሻም ገመዱን በክንዱና በቱቦው ላይ ይያዙትና ትርፉን ከእግሮቹ ሥር ጠቅልለው ያስቀምጡ፡፡ ሰው ገመዱን ቢረግጠው እንኳ የሚጎተተው የስታንዱ ሥር እንጂ አናቱ አይሆንም፡፡ ይህን ሁሉ ጨርሰው ስታንዱን በእጅዎ ቀስ አድርገው ይነቅንቁት፤ ባለበት ከጸና ሰው ከሥሩ ሊቀመጥ ይችላል፡፡