የማይከፈተው ፋይል ለምን ይመዘገባል?

ደርግ ይጽፍ ነበር። ማን እንደተያዘ፣ ማን እንደጠቆመ፣ በማን ላይ «አብዮታዊ እርምጃ» እንደተወሰደ፣ ትእዛዙንም ማን እንደፈረመ በወረቀት አስቀርቷል። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ያሰባሰበው ይህንኑ ወረቀት ነው። በ1999 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በባልደረቦቹ ላይ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድም በምስክሮችና በእነዚሁ ሰነዶች የቆመ ነው።

ለፍርድ የጠቀመው ወረቀት ግን ሰው ሊያጋድል ይችላል። እንደ ዱርቤቴ ባለች፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ከተማ አንድ ገጽ በስልክ ፎቶ ቢዞር የጠቋሚና የተጠቋሚ ልጆች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ከሁሉ የሚከፋው የምርመራ ቃል ነው። ወፌ ላላ ተሰቅሎ የውስጥ እግሩን የተገረፈ ወጣት ስቃዩን ለማስቆም አፉ ላይ የመጣለትን ስም ይጠራል። ወረቀቱ ላይ ግርፋቱ አይታይም፤ የሚታየው የተጠራው ስምና ከግርጌ ያለው ፊርማ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ የመዛግብት ባለሙያ ከመቆለፉ በፊት ይመዘግባል። የመለያ ቁጥሩን፣ ሰነዱ የመጣበትን ቢሮ፣ ዘመኑንና የገጹን ብዛት ያሰፍራል። በርእሱ ላይ የሰው ስም አያስገባም፤ ለምሳሌ «የምርመራ ቃል፣ 1970 ዓ.ም.» ማለት ይበቃል። ቃሉ በግዳጅ የተሰጠ ሊሆን እንደሚችልም ይጽፋል። የእገዳው ምክንያት፣ የሚያበቃበት ጊዜና ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል አብረው ይጠቀሳሉ። አንባቢ የሚያየው ስም የተጋረደበትን ቅጂ ነው፤ ዋናው አይነካም። ያየውም ሰው ይፈርማል። በዝርዝር ያልገባ ፋይል ግን ቢሰረቅም ቢቃጠልም ጠያቂ የለውም።

ጀርመን የቀድሞዋን ምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት የስታዚን ፋይሎች በሕግ የከፈተችው በዚያው በ1984 ዓ.ም. ነው። የተሰለለው ሰው ስለራሱ የተጻፈውን ያነባል፤ የሌሎች ተጎጂዎች ስም ይሸፈናል፤ የሰለለውን ሰው ማንነት ግን ማወቅ ይችላል። መስመሩ ትክክል ነው። መጋረጃው የተጎጂ እንጂ የገራፊ ከለላ መሆን የለበትም። በግርፋት ስም የጠራ ልጅም ጠቋሚ ሊባል አይገባም። የእኛም አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብትን ሲደነግግ የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ ለይቶ ይጠብቃል።

በአባታችሁ ሣጥን ውስጥ የዚያ ዘመን የቀበሌ ወይም የምርመራ ወረቀት ካገኛችሁ አታቃጥሉት፤ ፌስቡክ ላይም አትለጥፉት። ከየት እንደተገኘና ማን እንዳኖረው በማስታወሻ ጽፋችሁ፣ በፖስታ አሽጋችሁ፣ አዲስ አበባ ላለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) አስረክቡ። የርክክብ ደረሰኝ መቀበሉንም አትርሱ።