የሁለት አማቾች ግምጃ ቤት

በምዕራብ ሀንጋሪ፣ ሻርቫር በምትባል ከተማ፣ ወደ ናዳሽዲዎች ግንብ ትልቅ አዳራሽ የገባ ሰው ቀና ብሎ ማየቱ አይቀርም። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር ጦርነት ነው። ፈረስ ይጋልባል፣ ከተማ ይከበባል፣ የቱርክ ሠራዊት ይሸሻል። ሃንስ ሩዶልፍ ሚለር የተባለ ሠዓሊ በ1653 የሣለው ሲሆን፣ ባለታሪኩ ቱርኮችን በማስጨነቁ «ጥቁሩ ቤይ» የተባለው ዳግማዊ ፈረንጽ ናዳሽዲ ነው። ያሣለውም በስሙ የሚጠራው የልጅ ልጁ፣ ሣልሳዊ ፈረንጽ ነው። የጀግናው ሚስት ኤልሳቤጥ ባቶሪ ግን እዚያ ጣሪያ ላይ የለችም። ልጃገረዶችን አሰቃይታ ገድላለች ተብላ በ1610 የተያዘችው ያቺ ወይዘሮ ሥዕሉን ያሣለው የሣልሳዊ ፈረንጽ ሴት አያት ነበረች። ቤተሰብ ታሪኩን ሲያሥል የሚመርጠውን ያውቃል።

ይህ ሁሉ ወጪ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው ከ127 ዓመት በፊት፣ ሞሃች ላይ ነው። ነሐሴ 1526 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) የሀንጋሪው ንጉሥ ላዮሽ 2ኛ ከቱርኩ ሱልጣን ከሱሌይማን ጦር ጋር ገጥሞ ሞተ። በ1541 ቡዳ በቱርኮች እጅ ስትወድቅ አገሪቱ ለሦስት ተከፈለች፤ መሐሉን ሱልጣኑ፣ ምሥራቁን የትራንሲልቫኒያ መሳፍንት፣ ምዕራቡንና ሰሜኑን የሃብስበርግ ነገሥታት ያዙት። ሃብስበርጎቹ የሀንጋሪን ዘውድ ቢጭኑም የሚኖሩት ቪየና ወይም ፕራግ ነበር። አገር ውስጥ የቀሩት የመኳንንቱ ጉባኤ፣ ናዶር የሚባለው የንጉሡ እንደራሴና እንደ አፈ ንጉሥ ያለው ዋናው ዳኛ ናቸው። ቤተ መንግሥት ባዶ ሲሆን የመኳንንቱ ግንቦች ቦታውን ያዙ። የጥበብ ሰው ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ወደዚያ ነበር። በሀንጋሪኛ የታተመው የመጀመሪያው ሙሉ ሐዲስ ኪዳን እንኳ በ1541 የወጣው ቆይቶ እንደራሴ በሆነው በታማሽ ናዳሽዲ ድጋፍ፣ እዚያው ሻርቫር ነው።

ስለዚህ ሥዕሉን እንደ ጌጥ ብቻ ማየት ያሳስታል፤ ክርክር ነበር። ቪየና ያለው ንጉሥ ስለ ሀንጋሪ ሲወስን «ይህን ምድር በደሙ የጠበቀው የእኛ ቤት ነው፤ እኛን ሳትሰማ አትወስን» የሚል ክርክር።

ክርክሩን እስከ መጨረሻው የገፋው ሣልሳዊ ፈረንጽ ናዳሽዲ ነው። ከሉተራን ቤት ተወልዶ በ1643 ካቶሊክ ሆነ፤ የእንደራሴውን የሚክሎሽ ኤስተርሃዚን ልጅ አና ዩሊያን አገባ፤ በ1655 ዋና ዳኛ ሆነ። ሀብቱ አፍ የሚያስከፍት ነበር። ቪየና አጠገብ ባለው የፖተንዶርፍ ግንቡ ሥዕል፣ የብር ዕቃና መጽሐፍ አከማቸ። ገዳማት አሠራ፤ መቃብሩንም በአንደኛው አዘጋጀ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን በ1664 ኑረምበርግ ላይ ያሳተመው በተለምዶ «ማውሶሌዩም» የሚባለው መጽሐፍ ነው። ከሁኖችና ከጥንቶቹ የሀንጋሪ አለቆች ጀምሮ እስከ ሃብስበርጎች ድረስ ያሉትን ገዥዎች በቅርጽ ሥዕል፣ በላቲንና በጀርመንኛ ጽሑፍ ደረደራቸው። እንደ እኔ ንባብ፣ መጽሐፉ ለሃብስበርጎች ያለውን አክብሮት ያህል ማስጠንቀቂያም ይዟል፤ እናንተ በረጅም ሰልፍ መጨረሻ የቆማችሁ ናችሁ፣ ዘውዱ ከእናንተ በፊትም ነበር ይላቸዋል።

ጊዜውም ተገጣጠመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የንጉሠ ነገሥቱ የሊዮፖልድ ጦር በቅዱስ ጎትሃርድ ቱርኮችን ድል አደረገ፤ ቀናት ሳይቆዩ ግን የሊዮፖልድ ሰዎች ቫሽቫር ላይ ለሱልጣኑ የሚያደላ ሰላም ተፈራረሙ። የሀንጋሪ መኳንንት ተቆጡ፤ እንደራሴው ቬሼሌኒ ራሱ ሤራ ጠነሰሰ፤ ናዳሽዲም ገባበት። ሤራው ታወቀ። ሚያዝያ 30 ቀን 1671 ናዳሽዲ በቪየና የከተማው አዳራሽ ውስጥ አንገቱ ተቀላ። ርስቱ ተወረሰ፣ ያ ሁሉ ስብስብ ተቆጥሮ ተበተነ።

የሚስቱ ወንድም ፓል ኤስተርሃዚ ሌላውን መንገድ ሄደ። ኤስተርሃዚዎች ገና አዲስ ባለጸጎች ነበሩ። አባቱ ሚክሎሽ ከመካከለኛ ባላባት ቤት ተነሥቶ ሁለት ባለርስት መበለቶችን ተራ በተራ በማግባት ነው ትልቅ ሰው የሆነው። ፓል ራሱ ርስቱ ከቤት እንዳይወጣ የወንድሙን ልጅ አገባ፤ እሷ ስትሞት ደግሞ የአማፂውን የኢምሬ ቶኮሊን እኅት። በሁለቱም ወገን ዘመድ ያለው ሰው አይወድቅም! በ1681 እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። በ1687 ሊዮፖልድ የልዑልነት ማዕረግ ሰጠው። በዚያው ዓመት በፖዦኒ ጉባኤ የሀንጋሪ መኳንንት ንጉሣቸውን የመምረጥ መብታቸውን፣ ከ1222 ጀምሮ የያዙትንም ሕግ የጣሰ ንጉሥን የመቃወም መብት ተዉ። ጉባኤውን የመራው እንደራሴ ፓል ነበር።

አዲስ ባለጸጋ አሮጌ አያት ያስፈልገዋል። ፓል በፍራክኖ ግንቡ የቅድመ አያቶቹን ሥዕሎች ሰቀለ፤ ብዙዎቹ ሠዓሊው ከሐሳቡ ያመጣቸው ናቸው። በ1700 ቪየና ላይ ያሳተመው «ትሮፌዩም» ደግሞ የዘር ሐረጉን በሥዕል ዘርዝሮ እስከ አቲላ፣ ከዚያም አልፎ እስከ አዳም አወጣው። ሰው ሁሉ ከአዳም መምጣቱ ባይካድም፣ የትውልዱን ደረጃ ሁሉ ከነመልኩ ማሳየት የሚችል እንደራሴ ግን ጥቂት ነው። ናዳሽዲ የመንግሥቱን ሰልፍ ባሳተመበት መልክ ፓል የቤቱን ሰልፍ አሳተመ። የመጀመሪያው ለንጉሡ የማይመች ጥያቄ ይዞ ነበር፤ ሁለተኛው ማንንም አያስፈራም። ልዩነቱ ግን ፍጹም አይደለም፤ ፓል ባሠራው የአይዘንሽታት ቤተ መንግሥት ፊት ላይ የሀንጋሪ አለቆችና ነገሥታት ምስሎች ተቀርጸው ይታያሉ። ታማኝም ቢሆን ቪየና ማንነቱን እንድትረሳ አልፈለገም። በ1711 በስሙ «ሃርሞኒያ ሴሌስቲስ» የተባለ 55 መንፈሳዊ መዝሙር ያለው መጽሐፍ አወጣ፤ ብዙዎቹ ዜማዎች ከሌላ የተወሰዱ መሆናቸውን ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

የልጅ ልጆቹ ይህን ስም ይዘው ሙዚቀኛውን ዮሴፍ ሃይድንን በ1761 ቀጠሩ። በውሉ መሠረት ሃይድን የቤቱን የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ የሚደርሰው ሙዚቃም የጌታው ነበር።

ሀብቱ ሲመናመን ደግሞ ጥበቡ ወደ መንግሥት መጣ። በ1870 እና በ1871 ቤተሰቡ የሥዕል ስብስቡን ለሀንጋሪ መንግሥት ሸጠ፤ 637 ሥዕሎች ነበሩት። ዛሬ የቡዳፔሽቱ የሥነ ጥበብ ሙዚየም መሠረት እነዚያ ናቸው። የፍራክኖ ግምጃ ቤት ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከዕቃው ከፊሉ ወደ ቡዳፔሽት ሲሄድ፣ ግንቡ ያለበት ምድር በ1921 ወደ ኦስትሪያ ተካለለ። በቅርብ ዓመታትም ኦስትሪያ ያለው የኤስተርሃዚ ፋውንዴሽን በሌላ የቡዳፔሽት ሙዚየም ያሉትን ቅርሶች «የእኔ ናቸው» ብሎ የሀንጋሪን መንግሥት ፍርድ ቤት አቁሟል።