«የዓይን ሞራ» እና የፕሮቲን መጓጎል

ለዓይነ ስውርነት ዋነኛ መንስኤ የሆነውን ሕመም ሕዝባችን «የዓይን ሞራ» ይለዋል። ሞራ የእርድ ከብትን የሆድ ዕቃ የሚሸፍን ስስ ስብ እንደ መሆኑ፣ ስያሜው በዓይን ላይ የተጋረደ ነገር ያለ ያስመስላል፤ «ሞራው ተገፈፈ» መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው። ይሁንና ላቲኑ «ፏፏቴ»፣ ዐረብኛው «ነጭ ውሃ» ማለታቸውን ስናይ፣ በምስል የሳተው አማርኛ ብቻ አይደለም።

ሕመሙ የሚገኘው ከብሌኑ በስተጀርባ ባለው ሌንስ ውስጥ ነው። ሌንሱ ብርሃን የሚያሳልፈው ክሪስታሊን የተባሉት ፕሮቲኖቹ ተጠጋግተው፣ ነገር ግን ሳይጣበቁ ስለሚኖሩ ነው። በሌንሱ እምብርት ያሉት ከልደት በፊት ተሠርተው ሳይተኩ ዕድሜ ልክ ያገለግላሉ። ከመካከላቸው አልፋ ክሪስታሊን የተባለው ቅርጻቸው የተበላሸባቸውን ይዞ እንዳይጣበቁ ይከላከላል፤ ይህ ዐቅም በዕድሜ ሲሟጠጥ ፕሮቲኖቹ እየተያያዙ ብርሃንን ይበትናሉ።

ይህን ሂደት ምን እንበለው? «መርጋት» እንዳንል፣ «የረጋ ፕሮቲን» የተረጋጋና ጤነኛ ፕሮቲን ተብሎ ሊተረጐም ይችላል፤ ፍቺው ተገለበጠ ማለት ነው። ስለዚህ «መጓጎል»ን መርጠናል። ገንፎ ሲገነፋ በሚገባ ያልተማሰለ ዱቄት እንደሚጓጉል የማያውቅ የለም። የሂደቱን ውጤት «ጓል» ብለን ከገበሬው ተውሰናል። (ቃሉ በትግርኛ ሴት ልጅ ማለት ቢሆንም፣ ከዐውዱ የተነሣ የሚያደናግር አይመስለንም።)

ጓሉን ወደ ነጠላ ፕሮቲን መመለስን «ማፍታታት» ብለነዋል። እዚህ ላይ ግን ከቃሉ ይልቅ የግሡ ጊዜ ያስጨንቀናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላኖስትሮል የተባለ ውሑድ የውሾችን የሌንስ ድፍርስ እንደ ቀነሰ ተዘግቦ ነበር፤ በቀዶ ጥገና ከሰው ዓይን በወጡ የሌንስ አስኳሎች ላይ ሲሞከር ግን ለውጥ አላሳየም። መዝገበ ቃላት «ጓል የሚያፍታታ ጠብታ» ብሎ በደፈናው ቢፈታ፣ ቀዶ ጥገናውን ትተው ጠብታ የሚጠብቁ አረጋውያን ብርሃናቸውን ያጣሉ። ደግሞም በቀዶ ጥገናው የሚወጣው የደፈረሰው ሌንስ ነው፤ የሚገፈፍ ነገር የለም።

ስለዚህ «የዓይን ሞራ» የሕመሙ ስም ሆኖ ይቆይ፤ «ገፈፋ» በ«ሌንስ መተካት» ይለወጥ፤ ሦስተኛው ቃል እንዲህ ይፈታ፦

ጓል አፍታች (ስም)፦ የተጓጎለ የሌንስ ፕሮቲንን ለማፍታታት የታሰበ፣ በምርምር ላይ ያለ መድኃኒት።