የ12ኛ ክፍል ተማሪን በቤት ስለ መርዳት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያም በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆኑ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢጨነቅ አያስደንቅም። ነገር ግን ጭንቀቱ ወደ ቁጣ ሲለወጥ ልጁን ከመጽሐፉ ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም።

ብዙ ወላጆች «እኛ አልተማርን፤ በምን እንረዳለን?» ይላሉ። እኛ እንደምናምነው ግን ፊደል ያልቆጠረች እናትም የምትሠራው ትልቅ ሥራ አለ፤ እርሱም ማዳመጥ ነው። አንድን ገጽ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፉን ዘግቶ የተማሩትን በቃል ማስረዳት ዕውቀትን ይበልጥ እንደሚያጸና የሥነ ልቡና ምርምር አሳይቷል። ስለዚህ እናት ከራት በኋላ «የዛሬውን ትምህርት እስቲ አስረጂኝ» ብትል፥ ልጅቱ ስትናገር የትኛው ላይ እንደምትደናቀፍ ራሷ ትደርስበታለች።

ሁለተኛው እርዳታ ጊዜ ነው። ውሃ መቅዳቱና ወጥ መሥራቱ በሴት ልጅ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ወንድሞቿ ይካፈሉት። ሦስተኛው እንቅልፍ ነው፤ እንቅልፍ የተጠናውን በአእምሮ እንዲጸና ስለሚያግዝ፥ ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ማንጋት ጉዳቱ ያመዝናል።

በመጨረሻም ውጤት ሳይመጣ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባ ቃል አለ። በ2015 ዓ.ም. ከግማሽ በታች ካገኙት መካከል ለተመረጡት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቷል፤ የሙያ ትምህርትም ሌላ መንገድ ነው። እንግዲህ ወላጅ «ብትወድቅ ዓይንህን አልይ» ማለቱን ትቶ፥ «ብትወድቅም ቤትህ ይኸው ነው» ቢል፥ ልጁ ከፍርሃት ነፃ ሆኖ ወደ ፈተናው ይገባል።