ከቀርጤስ እስከ ባቲ፦ ባሕር ያሻገረው ሥልጣኔ

የቦርከና ውሃ ባሕር አያይም። ከሚሴን አልፎ ቁልቁል ወርዶ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ሰውና ሸቀጥ ግን ውሃው ያልዘለቀውን መንገድ ዘልቀው ከቀይ ባሕር ጋር ሲመላለሱ ኖረዋል። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው የባቲ ገበያ፣ ከቆላ የወጣው ጨውና ግመል ከደጋ ከወረደው እህል ጋር ሲገናኝ ያየ ሰው የጥንቶቹ ግሪኮች ሥልጣኔ እንዴት እንደተጠነሰሰ ለመረዳት አይቸገርም።

ግሪክ ሲባል ሆሜርና ሶቅራጥስ ቀድመው ይታወሳሉ። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ግን መርከብ የቀዘፉ ሕዝቦች ነበሩ። ግሪኮች ባሕርን የሚጠሩበት «ታላሳ» የሚለው ቃል እንኳ፣ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ከእነሱ በፊት በአካባቢው ከኖሩ ሰዎች የተወሰደ ነው።

ከቀዳሚዎቹ መካከል ስማቸው የገነነው የቀርጤስ ደሴት ሰዎች፣ ሚኖአውያን ናቸው። ከ2000 ዓመተ ዓለም ገደማ፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት ሁለት ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በክኖሶስ ቤተ መንግሥት አቁመው ከግብፅና ከሶርያ ጠረፍ ጋር ይነግዱ ነበር። ጽሕፈታቸው እስከ ዛሬ አልተፈታም። በኋላ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ማይሴናውያን ደሴቲቱን ሲይዙ ያንኑ ጽሕፈት አሻሽለው ለራሳቸው ቋንቋ አዋሉት። ይህ ሁለተኛው ጽሕፈት ግሪክኛ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1952 የደረሰበት ማይክል ቬንትሪስ በሙያው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበር።

የዚያን ዘመን ንግድ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ አንድ የሰጠመ መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በቱርክ ጠረፍ፣ ኡሉቡሩን በተባለ ቦታ፣ አንድ ጠላቂ አገኘው። የሰጠመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ከሆዱ 10 ቶን ያህል መዳብ ወጣ፤ የዝሆንና የጉማሬ ጥርስ፣ ከአፍሪካ የተቆረጠ ጥቁር እንጨትም ነበረበት። አብዛኛው መዳብ አራት ማዕዘኑ እንደ ጆሮ ወጣ ወጣ ብሎ፣ የተወጠረ የበሬ ቆዳ መስሎ የተሠራ ነው። እንዲህ በአንድ ቅርጽ የወጣ ዕቃ ለመቁጠርም ለመሸከምም ይመቻል። አሞሌ ጨው በልኩ ተጠርቦ በግመል ሲጫን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ከዚያ ፊንቄያውያን መጡ። ጢሮስ፣ ሲዶናና ቢብሎስ ከተሞቻቸው ነበሩ፤ ለግሪኮች ካሻገሩላቸው ሁሉ የሚበልጠው ፊደል ነው። ሄሮዶቱስ ራሱ ግሪኮች ፊደልን ከፊንቄያውያን እንደተማሩ ጽፏል። ዳዊት የደገመ ኢትዮጵያዊ ይህን በጆሮው ያውቀዋል፤ በመዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ የሚሄደው ተራ የግሪኩ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ ነው። ለግሪክ «ቤታ» የፊደል ስም ብቻ ሲሆን፣ ለእኛ ቤት ዛሬም የምንገባበት ቤት ነው። የግዕዝ ፊደል በደቡብ ዐረቢያ በኩል ከዚያው ጥንታዊ ግንድ ይመዘዛል። ግሪኮች አናባቢ ሲያጡ የማይጠቀሙባቸውን የፊንቄ ፊደላት ለአናባቢ አዋሉ፤ የእኛ ሊቃውንት በ4ኛው ምዕተ ዓመት ፊደሉን ራሱን ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያሉ ቀጠሉት። የእኛው መፍትሔ ከግሪኩ የሚተናነስ ሥራ አይደለም።

የጢሮስ ነገር እዚህ አያበቃም። በዚያው ምዕተ ዓመት ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ በቀይ ባሕር ጉዞ ላይ ሳለ ተይዞ አክሱም ደረሰ፤ በኋላም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈ የመርከበኞች መመሪያ የአዱሊስ ወደብ አካባቢ ገዢ የነበረውን ዞስካሌስን የግሪክ ትምህርት የሚያውቅ ሰው ነው ይለዋል። የአክሱም ነገሥታትም በገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ያስጽፉ ነበር። ስለዚህ ግሪክ ከባሕረኞች የተማረችውን፣ አክሱም ደግሞ በባሕር በኩል ከግሪክ ተማረች።

አዱሊስ ከወደቀች በኋላ ወደ ደቡብ ያለው በር ጎላ። በመካከለኛው ዘመን ከዘይላ ወደብ የተነሳው የሲራራ መንገድ በይፋት በኩል ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ከዛሬው ከሚሴ በስተደቡብ፣ በሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ኖራንና አስበሪን የመሳሰሉ የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ፣ መስጊዳቸውና መቃብራቸው ጭምር፣ ዛሬም አለ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ አጥንተዋቸዋል። ታሪካችንን በደጋው ቤተ መንግሥት ብቻ የምንተርክ ሰዎች እነዚህን ከተሞች በቸልታ ማለፋችን ትልቅ ጥፋት ነው። እስልምናው፣ ጨርቁና ብርጭቆው የወጣው በዚህ አቀበት ነውና።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ቀኑ እሑድ ከሆነ ሰንበቴ ገበያ ላይ ውረዱ፤ ከሚሴ አድራችሁ ሰኞ በኮምቦልቻ ታጥፋችሁ ባቲ ድረሱ። ከገበያው ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ሚሌን አልፎ ወደ አሰብ ያመራል።