ከእድሩ ገንዘብ የጎደለው የት ገባ?

ወሬው የደረሰኝ በስልክ ነው። “አባትሽ የእድር ገንዘብ አጎደሉ እየተባለ ነው” አለችኝ ጎረቤታችን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አባቴ ለዓመታት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሳንቲም አጉድሎ የማያውቅ ሰው ነው። በነጋታው ከአዲስ አበባ ተነሳሁ።

አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ ጋምቤላ ሄደው ከሰፈሩት አንዱ ነው። አቦቦ ወረዳ ጎጆ ቀለሰ፤ በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ የአልዌሮ ግድብ ሲሠራ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ድንጋይ ተሸከመ። እንደደረስኩ ወደ ግድቡ ይዞኝ ሄደ። ስለ ከባድ መኪኖቹ፣ ስለ ሩሲያዊው አለቃው፣ ስለ መጀመሪያው ደመወዙ አንድ በአንድ አወጋኝ። ልቤ አረፈ። ስንመለስ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበት መታጠፊያ ላይ ቆመና “ልጄ፣ በየት ነው የምንሄደው?” አለኝ።

ብዙ ቤተሰብ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። “የዛሬ አርባ ዓመቱን እያስታወሰ ምን ሆነ ይባላል?” እንላለን። አልዛይመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ስለሆነ የድሮው ትዝታ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። የሰው ስም ጠፍቶ ቆይቶ ትዝ ቢል የዕድሜ ነው። የከፈለን ሰው ደግሞ “ክፈል” ማለት፣ የለመዱት ሒሳብ መክበድ፣ በገዛ ሰፈር መንገድ መጥፋት ግን ሐኪም ያስፈልገዋል።

እማዬ ለካ ከዓመት በፊት አውቃዋለች። ገበያ ብቻውን መላክ ትታለች፤ መልስ የምትቆጥረው እሷ፣ ሲጠየቅ ቀድማ የምትመልሰውም እሷ ናት። “ጃጀ እንዲሉብኝ ነው?” አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር ቃሉ ራሱ ስድብ ነው።

“እኔም ግፊቴን ልለካ ነው፣ አብረን እንሂድ” ብዬ ጋምቤላ ከተማ ወሰድኩት። (በሰው ፊት “ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?” እያሉ መፈተን ማስኮረፍ ብቻ ነው፤ ሞክሬው አይቻለሁ።) ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን “በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ?” ብሎ ነው። ወባ ባለበት አገር አንድ አዛውንት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከተምታታባቸው ወባ፣ ሌላ ኢንፌክሽን ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም። የእኛ ግን ዓመት አልፎታል።

ዲመንሽያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ የምልክቶች ጥቅል ነው። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አብረውት ይኖራሉ፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው መነሻው አልዛይመር ነው። ነገር ግን የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የጆሮ መድከም፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ ኪኒኖችም እሱን ይመስላሉ። እነዚህ ይታከማሉ። ስለዚህ ሲሄዱ ወላጅዎ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ያስተዋሉትንም ከነቀኑ ይጻፉ። ለሐኪም “ይረሳል” ከሚለው ይልቅ “የእድር መዋጮ ከአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ጠየቀ” የሚለው ብዙ ይነግረዋል። በተለይ ፊደል ላልቆጠረ ሰው የወረቀት ፈተናው ሊያሳስት ስለሚችል፣ ድሮ ይሠራው የነበረውና ዛሬ ያቃተው ነገር የተሻለ ማስረጃ ነው።

ለቀሪው ምርመራ አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ። ቢ12 አነሰ ተባለ፤ መርፌ ጀመረ። ትንሽ ነቃ ብሏል፤ ጥያቄ መደጋገሙ ግን አልተወውም። ከስድስት ወር በኋላ ድጋሚ ይታያል።

ገንዘቡ ተገኘ። በቆሎ ጆንያ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፤ ከሌባ ደብቆት የት እንዳስቀመጠው ረስቷል። እማዬ ይዛው ወደ እድሩ ሊቀመንበር ቤት ስትሄድ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸገችውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረች። አሁን መዋጮ የሚሰበስበው አንድ የሰፈር ወጣት ነው። አባቴ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ደብተሩም አሁንም የሚያድረው እኛ ቤት ነው።